ገንዘቡ መቼ ይፈለጋል? የሁለት የሐዋሳ ጡረተኞችና የ2012ቱ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት

ይህ የሁለት ጓደኛሞች ጉዳይ ነው። ሁለቱም የጉልምስና ዕድሜያቸውን አሜሪካ ሠርተው ወደ ሐዋሳ ተመለሱ። ሁለቱም ለእርጅና ያጠራቀሙት ገንዘብ ኒውዮርክ ገበያ ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ያ ገበያ ሲናድ አንዱ ሸጡ፣ አንዱ አልሸጡም።

ስማቸውን አልጽፍም። ቁጥሮቹን ግን ሁለቱም አሳይተውኛል፤ እንድጽፍም ፈቅደውልኛል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንደኛውን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው፤ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ከአሜሪካ የሚመጣላቸውን ወረቀት አብሬያቸው የማነበው እኔ ነኝ። ሁለተኛውን እዚህ ላይ ባለፔንሲዮኑ እላቸዋለሁ። ያኔ ፔንሲዮኑ ገና ኮለንና ሶሌታ ብቻ ነበር።

ይህን ታሪክ ሰፈር ውስጥ ሲያወሩት እሰማለሁ። "ጋሼ ቆራጥ ናቸው፣ ያኛው ፈሩ" ይባላል። ይሄ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። ዝርዝሩን ቁጭ ብዬ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ከመውደቁ በፊት

ጋሼ 27 ዓመት ዋሽንግተን ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተዋል። መጀመሪያ ቲኬት እየቆረጡ፣ በኋላ ፈረቃ እየመሩ። ከደመወዛቸው በየወሩ እየተቆረጠ 401ኬ በሚባለው የጡረታ ሂሳብ ይገባ ነበር። ሥራ ሲያቆሙ ወደ ግል የጡረታ ሂሳብ አዞሩትና አገራቸው ገቡ። በ2012 ዕድሜያቸው 72 ነበር።

የካቲት ላይ በሂሳቡ ውስጥ 160,000 ዶላር ነበራቸው። ከዚህ 120,000ው ኢንዴክስ ፈንድ ላይ ነው። የሳቸው ኢንዴክስ ፈንድ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በሚባለው መለኪያ ውስጥ ያሉትን 500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች በአንድነት የሚይዝ ነው። አንዱን መርጦ መወራረድ የለም፤ ሁሉም ሲወጣ ትወጣለህ፣ ሁሉም ሲወርድ ትወርዳለህ። የቀረው 40,000 ዶላር በአጭር ጊዜ የመንግሥት ቦንድና በጥሬ ገንዘብ ተቀምጧል። በወር 600 ዶላር ያወጣሉ። ከዚህ ውጭ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት ጡረታ 1,050 ዶላር ገደማ በየወሩ ይገባላቸዋል።

ባለፔንሲዮኑ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ዕድሜያቸው ያኔ 66 ነው። ያጠራቀሙት 90,000 ዶላር፣ ሁሉም እንደ ጋሼ ባለ ፈንድ ላይ። ቦንድ የለ፣ ጥሬ ገንዘብ የለ። በሌላ በኩል ከመነኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ካርታ ያለው ቦታ ነበራቸውና ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን ጀምረዋል። ለብረት፣ ለሲሚንቶና ለጣሪያ ክረምት ሳይገባ 25,000 ዶላር ማውጣት ነበረባቸው። ከተቋራጩ ጋር ተፈራርመዋል።

ታዲያ ለምን ቀድመው አላወጡትም? እ.ኤ.አ. 2019 ለገበያው ግሩም ዓመት ነበር። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 29 በመቶ ጨመረ። እሳቸውም በየወሩ ሂሳቡን እያዩ "ትንሽ ይጨምር" አሉ። ጥር ላይ "ትንሽ ይጨምር"። የካቲት ላይም እንደዚያው። ማን ይፈርድባቸዋል? ከፍ እያለ ያለን ነገር መሸጥ የሚቆጨው ሁሉንም ሰው ነው።

ሁዳዴ

ገበያው ጣሪያ የነካው የካቲት 11 ቀን ነው፤ በሰማዕታት ቀን ዋዜማ። መለኪያው 3,386 ላይ ዘጋ። ሰኞ የካቲት 16 ጾም ገባ። በዚያው ቀን ከጣሊያን የኮሮና ወረርሽኝ ወሬ በረታና ገበያው 3.35 በመቶ ወረደ። የዚያን ዓመት ሁዳዴ ጋሼ ሁለት ነገር ሲጠብቁ ነው የከረሙት። ከሰዓት ቅዳሴ፣ ማታ ገበያ።

ሰዓቱን ላስረዳ፤ ለነገሩ ቁልፍ ነው። አሜሪካኖቹ የካቲት 29 ሰዓታቸውን ወደ ፊት ገፉ። ከዚያ በኋላ ገበያው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይዘጋል። ሐዋሳ ላለ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ክፉው ወሬ የሚመጣው በምሽት፣ ሰውነት ሲደክም፣ የሚያማክሩት ሰው ሲተኛ ነው።

የካቲት 30 ሳዑዲና ሩሲያ በነዳጅ ዋጋ ተጣሉ፣ ወረርሽኙም ተስፋፋ። ገበያው እንደተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ 7 በመቶ ወረደ። እዚያ ደንብ አለ፤ 7 በመቶ ከወረደ ግብይቱ ለ15 ደቂቃ ይቆማል፣ ሰው እንዲረጋጋ። በዚያ ወር ይህ አራት ጊዜ ሆነ። በዚያ ቀን 7.6 በመቶ ወርዶ ዘጋ። መጋቢት 3 ደግሞ 9.5 በመቶ። ማግስቱን፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ ተባለ። የሚገርመው በዚያው ቀን ገበያው ከ9 በመቶ በላይ ተመልሶ ወጣ። ጋሼ "አለፈ!" ብለው ደወሉልኝ። አላለፈም።

መጋቢት 7 ሰኞ ነበር። እዚህ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ተባለ። የወንድሜ ልጆች ቤት ውስጥ ሲጮኹ ትዝ ይለኛል። ማታ ላይ ገበያው 12 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. ከ1987ቱ ታዋቂ ውድቀት ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አልታየም ነበር።

የኮዱ ሌሊት

በዚያ ምሽት ጋሼ ሊሸጡ ወስነው ነበር። ይሄን ሰፈሩ አያውቅም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ጻፊው ያሉኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ደወሉልኝ። "ነይ እስቲ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቺልኝ" አሉኝ። ድምፃቸው ተቀይሯል። ስደርስ ጋቢ ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። በአንድ ወር ያጡትን በእርሳስ ጽፈው ወደ ብር ቀይረውታል። ያኔ ዶላር 32 ብር ገደማ ነበር። "አንድ ሚሊዮን ብር አለፈ" አሉኝ። "በአንድ ሚሊዮን ብር እዚህ ከተማ ምን ምን ይሠራል?" ምን እንደምመልስላቸው አላወቅኩም።

ሂሳቡን ለመክፈት የይለፍ ቃል ብቻ አይበቃም። ኩባንያው በስልክ መልእክት ኮድ ይልካል። የኮዱ ስልክ ደግሞ አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ስልክ ነው፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ቁጥር ያስፈልጋል። ልጃቸው ሜሪላንድ ነርስ ናት። ደወልን፣ አታነሳም። ደግመን ደወልን። በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ ምን እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስልኳ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

አምስት ሰዓት ሆነ። ገበያው ተዘጋ። ጋሼ ኮምፒውተሩን ክዳኑን መለሱና "እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አሉ። እኔ ቤቴ ገባሁ። እሳቸው እንዳልተኙ በማግስቱ ፊታቸው ነገረኝ።

ስለዚህ ጋሼ በዚያ ምሽት ያልሸጡት በቆራጥነት አይደለም። ኮድ አጥተው ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ያጠራቀመ፣ አንድ ትልቅ ውድቀት ከዚህ በፊት ያየ ሰው እንኳ በምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ራሱን ላያምን ይችላል። በመሸጥና ባለመሸጥ መካከል የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ማስገባት ትልቅ ነገር ነው። አሁን በስልክ ጠቅ አድርጎ መሸጥ ለሚችለው ወጣት ይህ እንቅፋት የለም፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ጠዋት ላይ የተሠራው ሂሳብ

ማክሰኞ ጠዋት ልጃቸው ደወለች። ኮዱ ተገኘ። ግን ቀን ነው፣ ገበያው ዝግ ነው፣ ቡና ተፈልቷል። ልጅቷ "አባዬ፣ ከመሸጥህ በፊት አንድ ነገር ቁጠር" አለች። "ያ 40,000 ስንት ወር ያኖርሃል?"

ቆጠርን። በወር 600። 66 ወር ከግማሽ በላይ። አምስት ዓመት ተኩል።

የሳሎኑ አየር የተለወጠው እዚያ ላይ ነው፤ ዓይኔ እያየ። ሌሊቱን ሙሉ ያዩት ቁጥር "የጠፋው ስንት ነው?" የሚለውን ነበር። ጠዋት የታየው ቁጥር "ከወደቀው አንድ ሳንቲም ሳልነካ ስንት ጊዜ እኖራለሁ?" የሚለውን መለሰ። እስከ 77 ዓመታቸው።

ያ 40,000 በአጋጣሚ እዚያ አልተቀመጠም። ጋሼ በ2001 ዓ.ም. የካቲት፣ ገና ዋሽንግተን ሳሉ፣ ሁሉንም ሸጠው ነበር። ያኔ የቤት ብድሩ ቀውስ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2007 ከነበረበት 1,565 እስከ መጋቢት 2009 ድረስ 57 በመቶ ወርዷል። እሳቸው የሸጡት የገበያው ወለል ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው፤ በዚያ ሁለት ዓመት ገበያው ጥሏቸው ሄደ። ልጃቸው ያኔ ተማሪ ነበረች። በኋላ ሂሳቡን ስታስተካክልላቸው የጠየቀችው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ያ ገበያ ወደ ቀድሞ ጣሪያው ለመመለስ ስንት ጊዜ ወሰደበት? መልሱ እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2013፣ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ነው። 40,000ው የተለካው በዚያ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ጋሼ አልሸጡም። በዚያ ቀን ገበያው 6 በመቶ ወጣ፤ በማግስቱ ግን እንደገና ወረደ። እሳቸው የወራቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው በቁም ሳጥኑ በር ውስጥ በኩል ለጠፉት።

ባለፔንሲዮኑ

ሐሙስ መጋቢት 10 ሁለቱ ጓደኛሞች ፍቅር ሐይቅ ዳር ተገናኙ። ተራርቀው ተቀምጠው። እኔ ጋሼን በመኪና አድርሼ ስለነበር ሰማሁ። ባለፔንሲዮኑ ከስተዋል። ተቋራጩ ብረቱ ካልገባ ሠራተኛ እበትናለሁ ብሏል። ከተማው ውስጥ ሆቴሎች ባዶ መሆን ጀምረዋል። የሚሠሩት ፎቅ እንግዳ ይግባበት አይግባበት አይታወቅም።

"ሽጥ" አሏቸው ጋሼን። "ዜሮ ከመግባቱ በፊት።"

ጋሼ የወራቱን ነገር ነገሯቸው። ባለፔንሲዮኑ ሳቅ ብለው "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ። ጋሼ ዝም አሉ። መልስ የላቸውም ነበር፤ በዚያ ቀን ማንም መልስ አልነበረውም።

ዓርብ መጋቢት 11 ባለፔንሲዮኑ ሸጡ። ሁሉንም። ፈንዱ በዕለቱ መዝጊያ ዋጋ ነው የሚሸጠው፤ መለኪያው 2,305 ላይ ዘጋ። 90,000 የነበረው 61,260 ዶላር ሆነ። ግብሩን ወደ ጎን ትቼ ነው የምጽፈው። የገበያው ወለል የነበረው በቀጣዩ ሰኞ፣ መጋቢት 14 ነው፤ 2,237። በዚያው ሰኞ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ያለ ገደብ ቦንድ እገዛለሁ አለ። ማክሰኞ ገበያው 9.4 በመቶ ዘለለ። አንድ የሥራ ቀን ብቻ ነው በመካከሉ የነበረው።

"የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" ይባላል። ብዙዎች በሳቸው ላይ ይህን ተረቱ። እኔ ግን የሽያጩን ሁለት ክፍል ለያይቼ ማየት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው 25,000 ዶላር መሸጥ ነበረበት። ብረቱ መግባት አለበት፣ ውል አለ፣ ክረምት እየመጣ ነው። ጣሪያ የሌለው ኮንክሪት በሐዋሳ ዝናብ ቢከርም ጉዳቱ ሌላ ነው። ያ ገንዘብ በመጋቢት ምንም ምርጫ አልነበረውም። ጥፋቱ የተሠራው በጥር ነው፣ "ትንሽ ይጨምር" በተባለበት ቀን። በአራት ወር ውስጥ ለተቋራጭ የሚከፈል ገንዘብ አክሲዮን ላይ መቆየት አልነበረበትም። ገበያው ያን ገንዘብ በ10 በመቶ ቢጨምርላቸው 2,500 ዶላር ያገኙ ነበር። ሲወድቅባቸው ግን 25,000ውን ለማግኘት የካቲት ላይ 36,700 ዶላር ያወጣ የነበረ ድርሻ ሸጡ።

ሁለተኛው ክፍል የቀረው 36,260 ዶላር ነው። ይህ ለማንም አይከፈልም ነበር። የተሸጠው በፍርሃት ብቻ ነው። ሳይነካ ቢቀመጥ በቡሄ ዋዜማ 53,300 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። ልዩነቱ 17,000 ዶላር ነው። እሳቸው ዛሬም የሚቆጩት በዚህ ነው፤ ሲነግሩኝ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

ግን ለምን ለያይተው አላዩትም? ጠይቄያቸዋለሁ። "አንድ ሂሳብ ነበር" አሉኝ። "አንድ ቁጥር ነው የሚታየኝ። እሱ ሲወርድ ፎቁም አብሮ ሲወርድ ይታየኛል።" ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አልሰማሁም። የፎቁና የእርጅናው ገንዘብ በአንድ ቋት ነበር። የፎቁ ጭንቀት የእርጅናውን ይዞት ሄደ። ጋሼ ከሳቸው የተሻለ ልብ አልነበራቸውም፤ ሁለት ቋት ነበራቸው።

እስከ ቡሄ

መጋቢት 18 አሜሪካ ውስጥ የድጎማ ሕግ ተፈረመ። ለጋሼ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛ፣ እንደ ብዙው ዜጋ 1,200 ዶላር ገባላቸው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ያኔ በሳቸው ዕድሜ የነበረ ሰው ከጡረታ ሂሳቡ በየዓመቱ የተወሰነ መጠን የማውጣት ግዴታ ነበረበት፤ ለሳቸው 6,250 ዶላር ገደማ ነበር። ሕጉ ይህን ግዴታ ለዚያ ዓመት አነሳ። ማለትም ገበያው ወድቆ ሳለ ተገዶ መሸጥ የለም። እኔም እሳቸውም ይህን ስናነብ ያለ ማጋነን እፎይ አልን። በዚያ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ መንቀሳቀሱ ስለቀነሰ ወጪያቸው አነሰ። ከጡረታ ሂሳባቸው ማውጣቱን እስከ መስከረም አቆሙት። 1,050 ዶላሩ ሲመነዘር ከ33,000 ብር በላይ ነበር፤ ሐዋሳ ላይ ለባልና ሚስት ያኔ በቂ ነው።

ሚያዝያ ላይ ልጃቸው ከ40,000ው ቀንሰን በርካሹ እንግዛ አለች። ጋሼ እንቢ አሉ። ቢገዙ ያተርፉ ነበር፤ ቁጥሩ ግልጽ ነው። እኔ ግን ልክ ነበሩ እላለሁ። በ72 ዓመት የወራቱን ቁጥር ማሳነስ እንቅልፍን መሸጥ ነው። ወጣት ቢሆኑ ሌላ እመክር ነበር።

ከዚያ ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት ነው። ያ ጊዜ ለሁላችንም መራራ ነበር፤ ስለ ገበያ ማንም ያሰበ አይመስለኝም። ከሁለት ሳምንት በላይ ጋሼ ሂሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ልጃቸው በስልክ ትደውላለች፣ ቁጥሩን ልታነብላቸው ትሞክራለች። አንድ ቀን "ተዪው፣ ደህና መሆንሽን ብቻ ንገሪኝ" አሏት። መስመሩ ሲመለስ ገበያው ከተቋረጠበት ቀን ከፍ ብሎ ነበር።

ነሐሴ 12 መለኪያው የካቲት 11 ከነበረበት በላይ ዘጋ። ስድስት ወር። ማግስቱ ቡሄ ነው። የዚያን ዓመት ልጆች ደጅ ለደጅ ብዙም አልዞሩም። ጋሼ ግን ዳቦ አስጋግረው ለባለፔንሲዮኑ ቤት አንድ ሙልሙል ይዘው ሄዱ። ስለ ገበያ አላወሩም።

ሁለተኛው ፈተና

እዚህ ላይ ካቆምኩ ታሪኩ ያሳስታል። ሰው "ወድቆ በስድስት ወር ይነሳል" ብሎ እንዲያስብ አልፈልግም። የ2012ቱ አነሳስ እጅግ ፈጣን ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው አምስት ዓመት ተኩል እንደፈጀ ጽፌያለሁ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የኒኬይ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ከደረሰበት ጣሪያ ለመመለስ እስከ የካቲት 2024 ድረስ 34 ዓመት ወሰደበት። ጋሼ ጃፓናዊ ጡረተኛ ቢሆኑ 66 ወር አያድናቸውም ነበር።

ባለፔንሲዮኑ ጥሬ ገንዘባቸውን ይዘው "እንደገና ሲወድቅ እገባለሁ" ብለው ጠበቁ። አልወደቀም። በመካከሉ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ናረ፣ ከ36,260ው 8,000 ያህል ለፎቁ ወጣ። ዶላሩ በብር እየጠነከረ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ 39 ብር ገደማ ስለደረሰ ትንሽ ደግፏቸዋል። በመጨረሻ ታኅሣሥ 2014 ላይ ተመልሰው ገቡ። ከሸጡበት ዋጋ እጥፍ በላይ ነበር። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ገበያው እንደገና መውረድ ጀመረ። እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2015 ድረስ 25 በመቶ።

ያኔ ደወልኩላቸው። ሰግቼ ነበር።

ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። ሲገቡ 20,000 ዶላር ብቻ እንዳስገቡ፣ ለፔንሲዮኑ በርና ቧንቧ የሚሆነውን 8,000 ባንክ እንዳስቀመጡ ነገሩኝ። "ይሄኛው የልጅ ልጆቼ ነው" አሉ። "ቧንቧው ሌላ ጋ ነው።" አልሸጡም። ገበያው ወደ ቀድሞ ጣሪያው የተመለሰው ጥር 10 ቀን 2016 ነው፣ በከተራ። ሁለት ዓመት ጠበቁ። ፔንሲዮኑ በዚያ መካከል ተከፈተ። በጥምቀት ሰሞን ክፍሎቹ ሞልተው ነበር።

በዚያው ውድቀት ቦንድም አብሮ ወርዶ ነበር፣ ወለድ በፍጥነት ስለጨመረ። የጋሼ ቦንድ የአጭር ጊዜ ስለሆነ ጥቂት ነው የተነካው። ረጅም ጊዜ የያዙ ግን ክፉኛ ተጎዱ። "ቦንድ ነው፣ አይወርድም" የሚል ካለ ይህን ይያዝልኝ።

አሁን ደግሞ እዚሁ

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ የገፋፋኝ አንድ የሰፈር ልጅ ነው። በ2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ መጣ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፤ በቴሌብር የሚገዛ። በዚያው ዓመት ጥር 2 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ተከፈተ። ልጁ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። ሁሉንም ሊያስገባ ነው። "ጥሩ ነው አይደል?" አለኝ።

ስለ ኩባንያው ምንም አላልኩትም። "ባጃጁን መቼ ነው የምትገዛው?" አልኩት። "ለፋሲካ" አለኝ። ኒውዮርክ ላይ ቢያንስ የወደቀውን በደቂቃ መሸጥ ይቻላል። እኛ ጋ ገበያው ገና ጨቅላ ነው። የባንክ አክሲዮን የያዘ ሰው ገዢ በሰው በሰው ሲያፈላልግ የኖረበት አገር ነው። ባጃጅ ሻጩ ደግሞ አክሲዮን አይቀበልም። ልጁ 33 ብቻ ገዛ፣ የቀረውን ባንክ አስቀመጠ።

መጋቢት 25 እና 26 ቀን 2017 በቀረጥ ጉዳይ የኒውዮርክ ገበያ በሁለት ቀን ከ10 በመቶ በላይ ወደቀ። ዓርብ ማታ ለጋሼ ደወልኩ። ቴሌቪዥን ላይ ሰምተዋል። በደህና ዓመት ከአክሲዮኑ እያወጡ ያን 40,000 ሲሞሉት፣ በክፉ ዓመት ከሱ ሲኖሩ ነው የከረሙት። "ቆይ፣ ልየው" አሉኝ። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት በስልክ ሰማሁ።

"ስልሳ አንድ ይላል" አሉኝ። "ነገ ቡና ላይ ነይ።"